አዲስ የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር አልነሳ ሲል

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በራችን ተንኳኳ። የጎረቤታችን ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሬ ሞተብኝ» አለኝ። ሞተ የሚባለው እኮ አንዴ የኖረ ነገር ነው። የሱ ግን ገና ከሰዓት በኋላ ነው ተገጣጥሞ ያለቀው። ዕቃውን ለማጠራቀም ስምንት ወር ፈጅቶበታል። የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ አክስቱ ከዱባይ በሻንጣ ይዛለት መጣች። ማዘርቦርዱን (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ) እና ራሙን (ጊዜያዊ ማስታወሻውን) መርካቶ ገዛ። ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ያገለገለ ነው። ኬዙን ባጃጅ ውስጥ አቅፎ ወደ ኮዬ ፈጬ ሲያመጣው አይቼዋለሁ፤ አራስ ልጅ የያዘ ነበር የሚመስለው።

ቤታቸው ስገባ እናቱ «እባክህ እየው፣ እህል እንኳ አልቀመሰም» አሉኝ። ፋኑ ይዞራል። የኬዙ መብራት ቀይ ሰማያዊ እያለ ይጨፍራል። ስክሪኑ ግን ጭልም ብሏል። ልጁ ፍርዱን ጨርሷል፦ «የተበላሸ ማዘርቦርድ ነው የሸጡልኝ። ሰኞ ሄጄ እመልስላቸዋለሁ።»

ዳር ከተማ ለምንኖር ሰዎች ነገሩ የሚከብደው እዚህ ጋ ነው። ከኛ ሰፈር መርካቶ ደርሶ መመለስ ቀን ይበላል። ሻጩ «እኛ ጋ ሲሞከር ይሠራ ነበር» ይላል። እዚያው ሲሰካውም ይሠራል። ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። መሃል ከተማ ያለ ሰው ጓደኛው ጋ ሮጦ ሌላ ራም ተውሶ ይሞክራል። እኛ ያለን እጃችን ላይ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመጠርጠራችን በፊት ኮምፒውተሩ የት ላይ እንደቆመ መለየት አለብን። የልጁ ኮምፒውተር ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተነሳ። ምን ሆኖ እንደነበር ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ሲነሳ የሚሄድበት ተራ

ማብሪያውን ስትጫኑ ኮምፒውተሩ ሁሉን ነገር ባንዴ አያደርግም። መጀመሪያ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ይነሳና ኃይሉ መስተካከሉን ለማዘርቦርዱ ያሳውቃል። ቀጥሎ ፕሮሰሰሩ ይነቃል። ከዚያ ራሙ ይፈተሻል፣ ከዚያ ግራፊክሱ። ቀጥሎ ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ ይፈለጋል። መጨረሻ ላይ ዊንዶውስ ራሱ ይነሳል። ከፊት ያለው ካልተሳካ ለኋለኛው ተራ አይደርሰውም። ራሙ ካልተነበበ ስክሪን ላይ ምንም አይመጣም፤ ስክሪኑ ግን ምንም ጥፋት የለበትም።

የአሁን ማዘርቦርዶች ይህን ተራ በመብራት ያሳያሉ። ጠርዝ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ትልቁ የፓወር ኬብል የሚሰካበት አካባቢ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ አራት ጤፍ የሚያክሉ መብራቶች ፈልጉ። አጠገባቸው ሲፒዩ (ፕሮሰሰር)፣ ዲራም (ራም)፣ ቪጂኤ (ግራፊክስ)፣ ቡት (ዲስክ) የሚል ጽሑፍ አለ። ሲነሳ በየተራ በርተው ይጠፋሉ። አንዱ በርቶ ከቀረ ኮምፒውተሩ የቆመው እዚያ ላይ ነው። በጣም ርካሽ ማዘርቦርዶች ላይ እነዚህ መብራቶች የሉም። እንደዚያ ከሆነ ሁለት ሽቦ ያላትን ትንሽ የድምፅ ማጉያ ፈልጋችሁ ስፒከር በሚለው ቦታ ሰኩ። ከአሮጌ ኮምፒውተር ነቅላችሁ ብትወስዱም ይሆናል። የድምፁ ትርጉም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። ለምሳሌ አሱስ ላይ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ ራም አላገኘሁም ማለት ነው። አንድ ረጅምና ሦስት አጭር ከሆነ ግራፊክስ ካርድ የለም ማለት ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት

ገመዱን ከሶኬቱ ንቀሉ። ከዚያ ማብሪያውን አንዴ ተጫኑት፤ ውስጡ የቀረውን ኃይል ይጨርሳል። እጃችሁን ኬዙ ብረት ላይ አሳርፉ። በበጋ አየሩ ሲደርቅ የሱፍ ሹራብ ስታወልቁ ጠስ ጠስ የሚለው ነገር ለራምና ለፕሮሰሰር ጠላት ነው። ምንጣፍ ላይ ተቀምጣችሁ አትሥሩ። የመስቀል ካቻቪቴ፣ የስልክ ፍላሽ ላይትና ላጲስ ካላችሁ ይበቃል። ላጲሱ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ታያላችሁ።

አንድ ሌላ ነገር። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እንዳለ ኬዙን ስትነኩ ጣታችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሶኬታችሁ ኧርዝ፣ ማለትም ትርፍ ኃይልን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ የለውም። ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ የኤሌክትሪክ ረብሻን ወደ ኧርዝ የሚያወርዱ ካፓሲተሮች አሉት። ኧርዙ ሲጠፋ ያ ኃይል የሚሄድበት አጥቶ ኬዙ ላይ ይንሳፈፋል። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ከመነዘር አያልፍም፤ ሆኖም የኤችዲኤምአይ ኬብል በርቶ እያለ ስትሰኩ ግራፊክስ ካርዱን ወይም ስክሪኑን ሊጎዳ ይችላል። ኬብሎቹን ሁሉ ከሰካችሁ በኋላ ብቻ መብራት ስጡት። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ኧርዙን አሠሩ። መንዘሩ ቀርቶ የሚመታ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ንቀሉና እንዳትነኩት።

ምንም፣ ጭጭ ካለ

ፋን የለም፣ መብራት የለም፣ ድምፅ የለም። መጀመሪያ ሶኬቱን ጠርጥሩ። የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ እዩ። ኤክስቴንሽኑን አውጡና በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሞክሩ። ሳቅ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ ግን ኤክስቴንሽኑ ማብሪያ እንዳለው ረስቶ ሌሊቱን ሙሉ ማዘርቦርድ ሲፈታ ያደረ ሰው አውቃለሁ። እኔው ነኝ።

የፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ላይ ማብሪያ አለ። በመስመሯ በኩል ከተጫነ በርቷል፣ በክቧ በኩል ከሆነ ጠፍቷል። ያገለገለ ወይም ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ደግሞ ቀይ ማንሸራተቻ ፈልጉ። 115 እና 230 የሚል ተጽፎበታል። የኛ አገር መብራት 220 ቮልት ነው። ስለዚህ 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ እንዳለ ከሰካችሁት ጧ ብሎ የተቃጠለ ሽታ ይሰጣችኋል፤ ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ላይ ይሄ ያጋጥማል።

ቀጥሎ ሁለቱን ዋና ኬብሎች እዩ። ትልቁ ባለ 24 ቀዳዳ ነው። መንጠቆው ጠቅ ብሎ እስኪይዝ ድረስ ተጫኑት። ሁለተኛው ከፕሮሰሰሩ በላይ፣ ጥግ ላይ የሚሰካው ባለ 8 ቀዳዳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አራትና አራት ሆኖ ይከፈላል። ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ኬዙ ጠባብ ስለሆነ ወይም ኬብሉ ስለማይደርስ «ኋላ እሰካዋለሁ» ይባልና ይቀራል። ፋኖቹ ሊዞሩ ስለሚችሉ ማንም አይጠረጥረውም፤ ፕሮሰሰሩ ግን ኃይል አላገኘም። የግራፊክስ ካርዱም ኬብል 8 ቀዳዳ አለው፤ እሱ ግን ስድስትና ሁለት ሆኖ ነው የሚከፈለው። አይመሳሰሉም፣ በጉልበት አታስገቡ። ተነቃይ ኬብል ያለው ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ ደግሞ የሌላ ሞዴል ኬብል አትጠቀሙ። ጫፉ ቢገጥም እንኳ ውስጡ የሽቦው አደራደር ይለያያል። ዲስካችሁን በአንድ ሰከንድ ያቃጥለዋል።

አሁንም ጭጭ ካለ ችግሩ ማብሪያው ሊሆን ይችላል። ከኬዙ ፊት የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ማዘርቦርዱ ታችኛ ጥግ ላይ ይሰካሉ። የማዘርቦርዱን መጽሐፍ ክፈቱ፤ የቱ እግር የማን እንደሆነ ሥዕሉ ላይ አለ። የማብሪያው ሽቦ ቢገለበጥም ይሠራል፤ የመብራቶቹ ግን ፕላስና ማይነስ አላቸው። ለማረጋገጥ የማብሪያውን ሽቦ ንቀሉና ሁለቱን እግሮች በካቻቪቴ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ አነካኳቸው። ኮምፒውተሩ ከተነሳ ጥፋቱ የኬዙ ማብሪያ ነው፤ ማዘርቦርዱ ደህና ነው። ልጁ ይህን ሳሳየው አፉን ከፍቶ ቀረ። እናቱ ደግሞ «በካቻቪቴ ነው የሚነሳው?» ብለው ተጨነቁ።

ብልጭ ብሎ ከጠፋ

ተጫናችሁት፣ ፋኑ ግማሽ ዙር ዞረ፣ ጠፋ። ፓወር ሰፕላዩ የሆነ ቦታ ላይ ሾርት አይቶ ራሱን እየጠበቀ ነው። ማዘርቦርዱ ኬዙ ላይ በቀጥታ አያርፍም። ከሥሩ ቢጫ የናስ እግሮች አሉ። ቀዳዳ በሌለበት ቦታ አንድ ትርፍ እግር ከቀረ የማዘርቦርዱን ጀርባ ይነካል። የወደቀ ብሎንም እንዲሁ። ኬዙን አዘንብላችሁ ነቅንቁት፤ ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ አውጡት።

ካልተገኘ ማዘርቦርዱን አውጡና በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጡት። ፕሮሰሰሩ ከነፋኑ፣ አንድ ራም፣ ሁለቱ የፓወር ኬብሎች፣ ሌላ ምንም አይኑር። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው ብቻ ካርዱን ጨምሩ። በካቻቪቴው አስነሱት። ካርቶን ላይ ሠርቶ ኬዝ ውስጥ እምቢ ካለ ችግሩ ኬዙ ነው። ካርቶን ላይም ካጠፋ ፓወር ሰፕላዩን ወይም ማዘርቦርዱን መጠርጠር ይቻላል። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከዚህ የተሻለ መለያ የለም።

ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ

ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው። የልጁም ጉዳይ እዚህ ነበር።

መጀመሪያ የስክሪኑ ኬብል የት እንደተሰካ እዩ። ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ ኬብሉ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ ነው፤ ከላይ ካሉት የማዘርቦርዱ ቀዳዳዎች ላይ አይደለም። ካርድ የላችሁም እንበል፤ ፕሮሰሰራችሁ ግራፊክስ አለው? የኢንቴል ስሙ ኤፍ ከጨረሰ፣ ለምሳሌ አይ5 12400ኤፍ፣ የለውም። የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600ም የለውም፤ 5600ጂ ግን አለው። በአንዲት ፊደል የተነሳ ካርድ ሳይገዛ ሳምንት ሙሉ ማዘርቦርዱን የረገመ ሰው አለ። ስክሪኑም ራሱ በትክክለኛው መግቢያ ላይ መሆኑን በቁልፉ አረጋግጡ።

ከዚያ መብራቶቹን ተመልከቱ። የልጁ ማዘርቦርድ ላይ ዲራም የሚለው በርቶ ቀርቷል። «ራሙን በደንብ ሰክቼዋለሁ» አለኝ። ስልኬን አብርቼ ጎንበስ አልኩ። እውነትም የተሰካ ይመስላል፤ የላይኛው መንጠቆ ዘግቷል። ግን የዛሬ ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ መንጠቆ ያላቸው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ከታች፣ ግራፊክስ ካርዱ በሚሸፍነው በኩል፣ መንጠቆ የለም። ያ ጫፍ አንድ ሚሊሜትር ያህል ብድግ ብሏል። ወርቃማዎቹ ጥርሶች በአንድ በኩል ቀጭን መስመር ሆነው ይታያሉ፣ በሌላ በኩል ጨርሶ አይታዩም። ካርዱን አነሳሁ። ገመዱ መነቀሉን አየሁ። በአውራ ጣቴ ያንን ጫፍ ወደ ታች ገፋሁት። ቀጭ አለ። ልጁ ድምፁን ሰምቶ «ኧረ ጋሼ!» አለ። በቃ፣ ይኸው ነበር።

አዲስ ኮምፒውተር ላይ ራም የምትሰኩት ፈርታችሁ ነው፤ ውድ ስለሆነ። ግን ራም ጉልበት ይፈልጋል። በሁለቱም ጫፍ፣ በየተራ፣ እስኪጮህ ድረስ። ቦታውም አለው። አራት ቀዳዳ ላለው ማዘርቦርድ ሁለት ራም ካላችሁ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይሰካሉ። ካልሆነ አንዱን ብቻ ሁለተኛው ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ሌላውን። አንዱ ሠርቶ ሌላው እምቢ ካለ ጥፋተኛውን አገኛችሁ። ያገለገለ ራም ከሆነ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲሱ በቀስታ ጠርጉና ብናኙን አራግፉ። የኛ ሰፈር አቧራ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ደግሞ መሃላቸው ያለው ክፍተት የተለያየ ቦታ ነው። አልገባ ካለ አትታገሉ፣ ዓይነቱን አንብቡ።

አንድ ልዩ ነገር አለ። ዲዲአር5 ያለው ኮምፒውተር፣ በተለይ ኤኤም5 የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መሰኪያ ያለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ራሙን «ያሠለጥናል»። ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ የዲራም መብራት በርቷል፣ አንዳንዴ ራሱ ጠፍቶ ይነሳል። ታገሡት። ቡና አፍሉ። እሱ ሥራ ላይ እያለ ማብሪያውን ከጫናችሁ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

የሲፒዩ መብራት በርቶ ከቀረስ? ባለ 8ቱን ኬብል እንደገና እዩ። ከዚያ ማዘርቦርዱ ፕሮሰሰሩን ያውቀው እንደሆነ ጠይቁ። ቢ450 ማዘርቦርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ራይዘን 5000 ደግሞ በ2020 መጨረሻ። ድሮ በተጫነለት ባዮስ (ኮምፒውተሩን በሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ሱቅ ውስጥ የተቀመጠ ማዘርቦርድ ይህን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ኢንቴል ላይም ቢ660 ገዝታችሁ 13ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ከጫናችሁ ይኸው ሊገጥማችሁ ይችላል። ሁለቱም ዕቃ ጤነኛ ነው፤ አልተዋወቁም ብቻ።

ማዘርቦርዱ ጀርባ ላይ ባዮስ ፍላሽባክ የሚል ቁልፍ ካለ እድለኛ ናችሁ፤ ያለ ፕሮሰሰርም ይሠራል። ፍላሹን ፋት32 አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉ። ከፋብሪካው ድረ ገጽ የሞዴላችሁን ፋይል በትክክል አውርዱ። መጽሐፉ የሚለውን ስም ስጡት፣ ምልክት ባለበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰኩት፣ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ። መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለች ትቆያለች። እስክትቆም እጃችሁን አታስገቡ። ይህን ሥራ መብራት በሚመላለስበት ሰዓት አትጀምሩ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ካላችሁ በእሱ ላይ አድርጉት። ቁልፉ ከሌለ ግን ይህ ከቤት የማይሠራ ነው፤ ሱቁ በድሮ ፕሮሰሰር አስነስቶ ያድስላችሁ።

ፕሮሰሰሩን ያወጣችሁ ከሆነ የፕሮሰሰሩን መሰኪያ በጎን በኩል በብርሃን እዩት። ኢንቴልና ኤኤም5 ላይ እግሮቹ ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው። አንዱ ከረድፉ ወጥቶ የሚያንጸባርቅ ከሆነ ተጣምሟል። በፊተኛው የኤኤምዲ መሰኪያ፣ ኤኤም4 ላይ፣ እግሮቹ ፕሮሰሰሩ ላይ ናቸው። የተጣመመ ነገር ካያችሁ በራሳችሁ ከማቅናታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ።

የቪጂኤ መብራት ከሆነ ካርዱን ነቅላችሁ እንደገና ሰኩት፣ የራሱን የፓወር ኬብል አትርሱ። ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ካለው ካርዱን አውጡና ያለሱ ሞክሩ። ተነሳ? እንግዲህ ካርዱ ነው። በጣም አሮጌ ካርድ ከሆነ ደግሞ አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ሲኤስኤም የሚባለው የባዮስ ምርጫ (የድሮው አነሳስ) ካልበራ ምስል ላያወጣ ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ባዮሱን ወደ ፋብሪካው መልሱት። ገመዱን ንቀሉ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 ባትሪ አውጡ፣ ማብሪያውን ጥቂት ሰከንድ ያዙ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሱ።

ጽሑፍ ከመጣ

ስክሪኑ ላይ ማንኛውም ጽሑፍ ከመጣ ተደሰቱ። ፓወር፣ ፕሮሰሰር፣ ራምና ግራፊክስ አልፈዋል።

«ሲፒዩ ፋን ኤረር፣ ፕሬስ ኤፍ1» ካለ የፕሮሰሰሩ ፋን የተሳሳተ ቦታ ተሰክቷል። ማዘርቦርዱ ላይ ሲፒዩ ፋን ወደሚለው አዛውሩት። ፋኑ የማይዞር ከሆነ ኤፍ1 እየጫናችሁ አትቀጥሉ። ራይዘን ላይ አዲስ ፕሮሰሰር ገብቷል፣ ኤፍቲፒኤም (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የምስጢር ቁልፍ ማስቀመጫ) ተቀይሯል፣ ዋይ ወይስ ኤን የሚል ረጅም ጽሑፍ ሊመጣ ይችላል። አዲስ ኮምፒውተር ከሆነ ዋይን ጫኑ። ከድሮ ኮምፒውተር ያመጣችሁት ዲስክ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ በቢትሎከር፣ የተቆለፈ ከሆነ ግን የመክፈቻ ቁጥሩን ሳታገኙ አትጫኑ።

«ሪቡት ኤንድ ሴሌክት ፕሮፐር ቡት ዲቫይስ» የሚለው ሰውን ያስደነግጣል። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ዊንዶውስ ያለበት ዲስክ አላገኘሁም። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ገና ስላልተጫነ ይህ መልእክት ትክክል ነው። መጫኛ ፍላሹን ሰኩ፣ ሲነሳ ኤፍ11፣ ኤፍ12 ወይም ኤፍ8 ተጫኑ፣ ከዝርዝሩ ዩኢኤፍአይ የሚል ቃል ያለበትን ፍላሽ ምረጡ። ዊንዶውስ 11 ዩኢኤፍአይ (አዲሱ አነሳስ)፣ ሴኪዩር ቡት (ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክል) እና ቲፒኤም 2.0 (የምስጢር ቁልፍ ማስቀመጫ) ይፈልጋል። ለአሮጌው ካርድ ብላችሁ ሲኤስኤም ካበራችሁ እዚህ ጋ ይጋጫል።

ኤስኤስዲው (ዲስኩ) ባዮስ ውስጥ ካልታየ ቀጭኑ ኤም.2 ዲስክ ሁለት ዓይነት እንደሆነ አስታውሱ። አንዱ ኤንቪኤምኢ፣ ሌላው ሳታ ነው። ቅርጻቸው ይመሳሰላል፤ አንዳንድ ቀዳዳ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው። አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ ኤም.2 ሲሰካ አንድ ሁለት የሳታ ቀዳዳ ሥራ ያቆማል። ባዮስ ያየውን ዲስክ የዊንዶውስ መጫኛው አላየሁም ካለ፣ በተለይ ከ11ኛ ትውልድ ወዲህ ባሉ ኢንቴሎች፣ ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲ የሚለውን አጥፉት። መጫኛው አንዴ ጠፍቶ ሲነሳ ከመጀመሪያው የሚጀምር ከሆነ ፍላሹን ንቀሉት፤ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ከፍላሹ እየተነሳ ነው።

አሁን የልጁን ሁለተኛ ችግር ልንገራችሁ። ዊንዶውስ ተጫነ፣ ሁሉም ሰላም። እሁድ ጠዋት ተመልሶ መጣ፦ «ጋሼ፣ ኢንተርኔቱ አንድም ገጽ አይከፍትም፣ ሴኩሪቲ ይላል።» ሄድኩ። ሰዓቱን ያስተካከለው ባዮስ ውስጥ ነው። 2018 ብሎ ጽፏል። ሰዓቱ ደግሞ 3፡40። ማታ ሦስት ሰዓት ከአርባ፣ በኛ አቆጣጠር፣ በኛ ዓመት! አልፈርድበትም። ባትሪዋ ስትወጣ ሰዓቱ ይጠፋል፣ ስክሪኑ ዓመት ይጠይቃል፣ ሰው የሚያውቀውን ዓመት ይጽፋል። ለኮምፒውተሩ ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል፤ የድረ ገጾቹ ሰርተፍኬት ሁሉ ገና አልወጣም። የፈረንጁን ዓመትና ቀን አስገቡ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ከአርባ 21፡40 ነው። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ አድርጉት፤ ከኛ ጋር እኩል ነው።

ተነስቶ ከጠፋ

ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ ከደቂቃዎች በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ሙቀት ነው የምጠረጥረው። ማቀዝቀዣው ሥር ያለውን ስስ ፕላስቲክ ልጣችሁታል? ብዙ ሰው አይልጠውም። ባዮስ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ሙቀት አንብቡ። ሥራ ሳይኖረው በፍጥነት ወደ 90 ዲግሪ የሚወጣ ከሆነ ማቀዝቀዣው አልነካውም ወይም ሙቀት አስተላላፊው ፓስታ አልተቀባም። ሰማያዊ ስክሪን በየጊዜው፣ በተለያየ ስም የሚመጣ ከሆነ ግን ራም ነው የምጠረጥረው። ራሙን የሚያፈጥነውን ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ ባዮስ ውስጥ አብርታችሁ ከሆነ አጥፉትና የራም መፈተሻውን ሜምቴስት86ን በፍላሽ አድርጋችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። አንድ ስህተት እንኳ ካገኘ ዕቃው ይመለሳል።

ቀን ቀን ደህና ሆኖ ማታ ማታ ብቻ የሚጠፋ ካለ ግን ከመፍታታችሁ በፊት ሰዓቱን መዝግቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዋት ይጎትታል። ኮንዶሚኒየም ላይ ሦስት አራት ቤት አንድ ሰዓት ላይ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ግድ የለውም። ርካሹ ከ200 በታች ሲወርድ ይንገዳገዳል። ስታቢላይዘሩም ቀጭ ባለ ቁጥር ለቅጽበት ያቋርጣል፤ አንዳንዱ ኮምፒውተር እሷን አይታገሥም። ለሙከራ ስታቢላይዘሩን አውጡና ቮልቴጁ በሚረጋበት ሰዓት፣ ለምሳሌ እኩለ ሌሊት አካባቢ፣ ሁለት ሰዓት አሠሩት። ካልጠፋ ዕቃችሁን ተዉት፤ ዩፒኤስ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

መሄድ ግድ ከሆነ

ሁሉን ሞክራችሁ መርካቶ መሄዱ ካልቀረ ኬዙን ሙሉ ተሸክማችሁ አትሂዱ። ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ ከነፋኑና ራሙ እንደተገጣጠሙ በካርቶናቸው ይሂዱ፤ የቀረው ቤት ይቆይ። የቆመው መብራት የቱ እንደሆነ በቪዲዮ ቅረጹ። ቪዲዮው ውስጥ ራሙን አንድ በአንድ ስትቀያይሩ ይታይ። ሻጩ «እኛ ጋ ሲሞከር ይሠራ ነበር» ሲል መጀመሪያ ቪዲዮውን አሳዩት። ከዚያ እዚያው በራሱ ፓወር ሰፕላይና በናንተው ራም፣ ዓይናችሁ እያየ፣ አሥር ደቂቃ እንዲያበራው ጠይቁት። ደረሰኙንና ካርቶኑን ያዙ።